ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ጅቡ የት ይሄዳል?

የቅበላ ማታ በሰሜን ደጋ ከተሞች ሥጋ ቤቶች አምሽተው ነው የሚዘጉት። ሥጋ ቆራጩ የመጨረሻውን ሽንጥ ከማንጠልጠያው ያወርዳል፤ ቢላውን በሞረድ ሁለት ሦስቴ ይስላል፤ ግማሽ ኪሎ ሊገዛ የመጣው ደንበኛ ከፊቱ ያለው ጾም ትዝ ሲለው አንድ ኪሎ ያስጨምራል። በጓሮ በኩል ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ቀንዱ፣ ሸኾናው፣ መንጋጋው፣ ሥጋው ተግጦ ያለቀ የእግር አጥንት፣ ያልታጠበ ጨጓራ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅጥቆ ጋሪ ላይ ይጫናል። ጋሪው የመጨረሻዎቹን ቤቶች አልፎ ገደሉ አፋፍ ላይ ይደርሳል። ነጂው ከረጢቱን ዘርግፎ ቶሎ ይመለሳል፤ ሊመሽ ነው፣ ማን እንደሚመጣም ያውቃል።

በማግስቱ ዐቢይ ጾም ይገባል። ለ55 ቀናት ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው። ቄራው ሥራ ይፈታል፤ ሠርጉም ድግሱም ከፋሲካ ወዲያ ይገፋል። የሚጣል አጥንት የለም። ጅቦቹ ግን እንደ ወትሮው ይመጣሉ፤ አፈሩን ያሸታሉ፤ የከረመ ቀንድ ይቆረጥማሉ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መንደሩ ያዞራሉ። በከተማ ዳር ጋሪ እየነዳ የሚተዳደር ሰው ቢጠየቅ፣ ጾም ከገባ ወዲህ አህያውን ውጭ እንደማያሳድር ይናገራል። ለምን ሲባል ነገሩ ግልጽ ስለሆነበት ጠያቂውን ያየዋል፦ ጅቡ ርቦታል።

ስለ ጅብ ምንም የማያውቅ ሰው በአገራችን አይገኝም። ድምፁን ሰምተን አድገናል፤ በተረቱ ተኝተናል። ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ «እንብላው እንብላው» ነው ስንል ጠባዩ ተፈጥሮው ነው፣ ምንም ቢደረግ አይለወጥም ማለታችን ነው። ላለፉት 50 ዓመታት ጅቡን ሜዳ ወርደው ያጠኑት ተመራማሪዎች ያገኙት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጅብ የት እንደሚያድር፣ ያደነውን ይበላ ወይስ የወደቀ ይለቅም፣ ስንት ግልገል እንደሚያሳድግ፣ ግልገሎቹ እርስ በርስ ይፋቀሩ ወይስ ይገዳደሉ፣ ይህን ሁሉ በብዛት የሚወስነው ምን እንደሚበላና ምግቡን እንዴት እንደሚያገኘው ነው። ይህ በጅብ ብቻ የሚያበቃም አይደለም።

በማይክሮስኮፕ የታየ ጾም

ጅብ ያገኘውን ሁሉ ይፈጫል፤ ፀጉር ግን ሆዱ አይፈጭለትም። ስለዚህ የበላው እንስሳ ፀጉር ከኩሱ ጋር ይወጣል። ኩሱ ደግሞ ከበላው አጥንት የተነሣ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል፤ መንጋው በአንድ ሥፍራ ስለሚጸዳዳም መሬት ላይ በቀላሉ ይለያል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው የሄዱት በዚህ መንገድ ነው። ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ በትግራይ ኩስ ሰበሰቡ፤ አጠቡት፤ የተገኘውን ፀጉር በማይክሮስኮፕ እያዩ የበግ ነው፣ የላም ነው፣ የአህያ ነው እያሉ ለዩት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ።

በአካባቢው የዱር ሣር በል ከተመናመነ ቆይቷል፤ የጅቡ ምግብ ከሞላ ጎደል የሰው ከብት ነው። ከጾሙ በፊት ከተገኘው ፀጉር ከመቶ 15 ገደማው የአህያ ነበር። በጾሙ ወራት ወደ 33 ወጣ። ከፋሲካ በኋላ ቄራው ሲከፈት ወደ 22 ወረደ።

እነዚህ ቁጥሮች የአካባቢውን ጅቦች ሕይወት በሦስት ወቅት የሚያሳዩ ናቸው። የካቲት ላይ አጥንት ለቃሚ የነበረው ጅብ መጋቢት ላይ አዳኝ ሆነ፤ ግንቦት ላይ ተመልሶ ለቃሚ ሆነ። ጠባዩን የለወጠው የእኛ የቀን መቁጠሪያ ነው።

አህያ የተመረጠችበት ምክንያትም ከእኛው የሚመጣ ነው። በጉና ላሙ ማታ ይገባሉ፤ አህያ ግን ቀኑን ሙሉ ስትሸከም ውላ ብዙ ጊዜ ደጅ ታድራለች። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሥጋዋን ስለማይበላ ስታረጅ የምትሸጥበት የለም፤ ትለቀቃለች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው እውነት ነው፤ ባለቤቷ ግን ሊያስጥላት ይችል ነበር። ይህን ስጽፍ ልቤ ከአህያዋ ጋር ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ውኃና እህል ተሸክማ፣ በጾሙ ሌሊት የጅቡ ገበታ መሆን አልነበረባትም።

> የካቲት ላይ አጥንት ለቃሚ የነበረው ጅብ መጋቢት ላይ አዳኝ ሆነ፤ ግንቦት ላይ ተመልሶ ለቃሚ ሆነ።

አንድ ዝርያ፣ ሁለት ኑሮ

ጅብ ጥንብ አንሺ ብቻ ነው የሚለውን እምነት በጽሑፍ ያፈረሰው የኔዘርላንድስ ተወላጁ ሃንስ ክሩክ ነው። በታንዛኒያ ሴሬንጌቲና ንጎሮንጎሮ ሌሊት ሌሊት መንጋዎችን እየተከተለ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጅብ የሚበላውን አብዛኛውን ራሱ እንደሚያድን፣ አንበሳም ብዙ ጊዜ ጅብ የገደለውን እንደሚነጥቅ አሳየ። ሰው ጠዋት መጥቶ አንበሳውን ሥጋው ላይ፣ ጅቡን ዳር ቆሞ ሲያይ ገዳዩን አንበሳ ያደርገዋል። ሌሊት የቆየ ሰው ግን ሌላ ነው የሚያየው።

በእኔ አስተያየት ከዚያ ሥራ ይበልጥ የሚያስደንቀው የሁለቱ ሥፍራ ልዩነት ነው። ንጎሮንጎሮ ዙሪያውን በተራራ የታጠረ ሜዳ ነው። ዊልደቢስት የተባለው የዱር ሣር በልና የሜዳ አህያ ዓመቱን ሙሉ ከውስጡ አይጠፉም። ስለዚህ እዚያ ያለው ጅብ ትልቅ መንጋ ይሠራል፤ ድንበሩን በጠረኑ ያካልላል፤ የጎረቤት መንጋ ድንበር ካለፈ እስከ ሞት ይዋጋል። ምግቡ እዚያው ስላለ መሬቱ የሚሞትለት ሆኗል።

ሴሬንጌቲ ላይ ግን የዊልደቢስት መንጎቹ ዝናብ እየተከተሉ ይሰደዳሉ። ዛሬ በሺህ የሚቆጠር ዊልደቢስት የነበረበት ሜዳ ከወር በኋላ ባዶ ይሆናል። የሴሬንጌቲ ጅብ ጎሬውን ትቶ መንጋውን ተከትሎ አይሰደድም፤ ግልገሎቹ ጎሬው ውስጥ ናቸውና። ይመላለሳል። ከእ.ኤ.አ. 1987 ጀምሮ እዚያ የሠሩት ተመራማሪዎች ሄሪበርት ሆፈርና ማሪዮን ኢስት ናቸው። እነሱ እንዳሳዩት እናቲቱ በአሥሮች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር መንገድ ሄዳ፣ በልታ፣ ወተት ሞልታ ትመለሳለች። በመንገዷ የሌሎችን መንጋዎች ክልል ታቋርጣለች፤ ብዙውን ጊዜም ዝም ብለው ያሳልፏታል። ያው ዝርያ ነው፤ ያው ጥርስ ነው። አንዱ ጋ ድንበር የሞት ነገር ነው፣ ሌላው ጋ መንገድ ነው። የሚለያዩት ምግቡ በመቆሙና በመሄዱ ነው።

ጡት የሚያጣላው ረሃብ

የጅብ እናት ምግብ ተሸክማ ወደ ጎሬ የምታመጣው ከስንት አንዴ ነው። የሌላዋንም ልጅ አታጠባም። ልጇ የሚያገኘው ወተት ብቻ ነው፤ ያም ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይዘልቃል። ለሥጋ በል ይህ እጅግ ረጅም ነው። ወተቷም የዋዛ አይደለም፤ በየብስ ከሚኖሩ ሥጋ በሎች ሁሉ ወተት ይልቅ በፕሮቲን የበለጸገ ነው፤ ስቡም በጣም ወፍራም ነው። ለቀናት ርቃ የምትሄድ እናት ልጇን በአንድ ጥቢ ማቆየት አለባት።

ግልገሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሆነው ይወለዳሉ፤ ዓይናቸው ተገልጦ፣ ጥርሳቸው ወጥቶ። ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይናከሳሉ። ከመካከላቸው አንዱ አሸናፊ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሌላው በፊቱ ጆሮውን ጥሎ ያልፋል። እናት ቶሎ ቶሎ በምትመለስበት ወቅት ጠቡ ይበርዳል፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ተጋድመው ይጠባሉ፤ ሁለቱም ያድጋሉ። የዱር መንጋው ርቆ እናት ለብዙ ቀን ስትጠፋ ግን ኃይለኛው ደካማውን ከጡት ያርቀዋል። እናት ጡቷን ዘርግታ እያለች ትንሹ ጠጋ ሲል ይነከሳል፤ ይሸሻል፤ ይከሳል፤ ይሞታል። ሆፈርና ኢስት ለብዙ ዓመታት ግልገሎቹን ተከታትለው እንዳሳዩት፣ ወንድም ወንድሙን የሚገድልበት ዓመት ወተቱ ያነሰበት ዓመት ነው። ጭካኔ የምንለው ነገር ልኩ ወተት ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የእናት ማዕረግ አለ። በጅብ መንጋ ውስጥ ሴቶች ከወንዶች ይገዝፋሉ፤ የሚገዙትም እነሱ ናቸው። ልጅ ከእናቱ ቀጥሎ ያለውን ሥፍራ ይወርሳል። የላይኛዋ እናት ከተገደለው እንስሳ ፊት ትቀመጣለች፤ ጠግባ ቶሎ ትመለሳለች፤ ልጇ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሴት ልጅ ከሆነች ከታችኛዋ ልጅ ዓመታት ቀድማ ትወልዳለች። የታችኛዋ ሌሎች እስኪጠግቡ ትጠብቃለች ወይም ሩቅ ትሄዳለች። ኬይ ሆልካምፕ የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ በኬንያ ማሳይ ማራ እ.ኤ.አ. በ1988 ጀምረው በትውልድ ትውልድ የተከታተሏቸው መንጋዎች ይህንኑ ይናገራሉ። ሁለት ግልገሎች አንድ ሌሊት ተወልደው፣ አንዷ በሦስተኛ ዓመቷ እናት ስትሆን ሌላዋ ገና ከሲታ ልትሆን ትችላለች።

መንጋጋው እስኪበስል

የጅብ የራስ ቅል የሚያስፈራ ነገር ነው። አናቱ ላይ እንደ ግድግዳ የቆመ ስስ አጥንት አለ፤ የመንጋጋው ጡንቻ የሚያያዘው እዚያ ላይ ነው። ከክራንቻዎቹ ኋላ ያሉት ጥርሶች ሰፋፊና ደንዳና ናቸው፤ የበሬ ጭን አጥንት የሚሰበርባቸው እነሱ ናቸው። ሌላው ሥጋ በል ትቶት የሚሄደውን መቅኔ ጅብ ያወጣዋል። ክሩክ እንደመዘገበው፣ 35 ጅቦች አንድ ሙሉ የሜዳ አህያ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ጨርሰዋል።

ይህ መሣሪያ ግን የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። የራስ ቅሉ ሙሉ ቅርጹን የሚይዘው ወደ ሦስት ዓመት ሲጠጋ ነው፤ ማለትም ጡት ከጣለ ብዙ ቆይቶ። በመሐሉ ያለው ወጣት ጅብ ለአዋቂዎቹ በአፍታ የሚሰበረውን አጥንት ይዞ ረጅም ሰዓት ይታገላል። አዋቂዎች በሚሻሙበት ገበታ ላይ ብቻውን ቢቆም ምንም አይደርሰውም። እናቱ ከጎኑ ቆማ ሌላውን ካላባረረችለት ይራባል። ሆልካምፕና ባልደረቦቻቸው ሴቶቹ የገዘፉትና የበላይ የሆኑት ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል፤ አጥንት የሚበላ ልጅ ለማሳደግ ገበታ ላይ የሚከበር እናት ያስፈልጋል። ሐሳቡ ገና ያከራክራል፤ እኔ ግን ካነበብኳቸው ማብራሪያዎች ሁሉ ይህ ይበልጥ ያሳምነኛል።

ሥጋ ብቻ የበላ አንበሳ

የአዳኝ እንስሳ ምግብ ሥጋ ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ስህተት ነው፤ ብዙ ግልገሎችንም ገድሏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በለንደን መካነ እንስሳት የሚወለዱ የአንበሳ ግልገሎች እግራቸው እየተጣመመ ይሞቱ ነበር። የሚሰጣቸው ጮማ የሌለው የፈረስ ሥጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1889 ጆን ብላንድ ሰተን የተባለ ሐኪም የተፈጨ አጥንት፣ ወተትና የዓሣ ጉበት ዘይት ይጨመርላቸው አለ። ግልገሎቹ በጥቂት ወራት ቀና አሉ። ቫይታሚን ዲ ስም ያገኘው ከዚያ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀይ ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶታል፤ ካልሲየም ግን ከሞላ ጎደል የለውም። ዱር ውስጥ ግልገሉ ሥጋውን ከጉበቱ፣ ከአንጀቱ፣ ከጎድን አጥንቱ ጋር ይበላል። ሥጋ ብቻ ሲሰጠው ሰውነቱ የጎደለውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት መሳብ ይጀምራል።

ይህ የቆየ ታሪክ መስሎ ይታያል፤ ግን አይደለም። ከኢትዮጵያ ምሥራቅ ቆላና ከአካባቢው አገሮች የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ከእናታቸው ተነጥቀው በሶማሌላንድ ጠረፍ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በድብቅ ይሻገራሉ። የሚፈለጉት ለመኪና ወንበር ላይ ፎቶና ለግቢ ጌጥ ነው። መንገድ ላይ ብዙዎቹ ይሞታሉ። የሚደርሱትም ዶሮና ቀይ ሥጋ እየተሰጣቸው ያድጋሉ። ከተያዙት ውስጥ አንዳንዶቹ ሶማሌላንድ ባለ መጠለያ፣ አንዳንዶቹም ሆለታ አቅራቢያ ባለው እንሰሳ ኮቴ በተባለው የማገገሚያ ማዕከል ኖረዋል። እንዲህ ያሉ ግልገሎችን ያከመ የእንስሳት ሐኪም የሚናገረው ተመሳሳይ ነው፦ የኋላ እግር ይንቀጠቀጣል፤ ከዝቅተኛ ቦታ ሲዘል አጥንት ይሰበራል፤ በራጅ ሲታይ አጥንቱ ከሥጋው አይለይም። በምድር ላይ እንደ እሱ የሚሮጥ የለም የሚባለው እንስሳ በምግብ ስህተት መራመድ ያቅተዋል። በሕይወት ቢተርፍ እንኳ አድኖ አያውቅምና ወደ ዱር አይመለስም። የዚህ ንግድ ገዢ ባሕር ማዶ ቢሆንም ሻጩ ከእኛው ምድር ይነሳል፤ ስለዚህ ጥፋቱን የሌላ አገር ብቻ አድርገን ማለፍ አንችልም።

> ሥጋ ብቻ ሲሰጠው ሰውነቱ የጎደለውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት መሳብ ይጀምራል።

ፍልፈል የሠራው ቀበሮ

ከጅብ ተቃራኒው ቀይ ቀበሮ ነው። በባሌ የሳነቴ አምባ ላይ የቀበሮ ቤተሰብ ማለዳ ይሰበሰባል፤ ይላላሳል፤ ድንበሩን አብሮ ይዞራል። ከዚያ ይበተናል። እያንዳንዱ ቀኑን ሙሉ ለብቻው ያድናል። የሚበላው ከሞላ ጎደል ሁሉ አይጥና ፍልፈል ነው፤ ዋናው ደግሞ በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ነው። አንድ ፍልፈል ለአንድ አፍ እንጂ ለስድስት አይበቃም፤ አብሮ ማደን ትርፍ የለውም። ቡችላ ለማሳደግ ግን አብሮ መኖር ይጠቅማል። ስለዚህ ቤተሰቡ ለልጅና ለድንበር አንድ ነው፤ ለምሳ የየብቻው ነው።

መንዝ ጓሳ ላይ የታየው ደግሞ ከዚህም ይገርማል። ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ ቀስ እያለ ሲያድን፣ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ከአራት ሙከራ የሚሳካለት አንዱ ነው። ከአጠገቡ የሚጫወተውን የጭላዳ ግልገል ግን አይነካም። ቢነካ መንጋው ያባርረዋልና የዕለት አይጡን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የባሌ ቀበሮዎች በአንድ ረጅም የተራራ አበባ ላይ ያለውን ማር እየዞሩ ሲልሱ እንደሚታዩ ተጽፏል። አፍንጫቸው ብናኝ ለብሶ ከአበባ አበባ ይሄዳሉ። በአይጥና በፍልፈል የሚኖር እንስሳ ግን እነሱ ከጠፉ የሚለውጠው የለውም። በሕይወት ያሉት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ገብስ ወደ ላይ በወጣ ቁጥርና ከብት ሣሩን በረገጠ ቁጥር የፍልፈሉ መሬት ይጠባል። ቀይ ቀበሮን ለማዳን የሚቆረቆር ሰው አስቀድሞ ለፍልፈል መቆርቆር አለበት።

ጅቡ የሚያጸዳው ከተማ

ወደ ጅቡ ልመለስ፤ ከእኛ ጋር የሚኖረው እሱ ነውና። በሐረር ጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። በዓሹራ ቀን ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርብለታል፤ አበላሉም ለመጪው ዓመት ምልክት ሆኖ ይታያል። ማታ ማታ በእንጨት ጫፍ ሥጋ የሚያጎርሱት ሰዎች ጅቦቻቸውን በስም ይጠራሉ። ቱሪስቱ የሚያየው ይህን ነው። መንጋው የሚጠግበው ግን በጉርሻው ሳይሆን በከተማው ቆሻሻ ነው። ሌላ ቦታ ሰው ሲያይ የሚሸሽ እንስሳ እዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ከሰው ጎን ያልፋል፤ ትውልድ በትውልድ ከሰው እጅ ምግብ እንጂ ድንጋይ ስላልመጣበት።

በመቀሌም ጅቡ በነጻ የሚሠራው ሥራ ተመዝኗል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እንደገመተው፣ በከተማዋ ዙሪያ ያሉት ጅቦች በዓመት ከ200 ቶን በላይ የእንስሳት ቅሪት ያነሳሉ፤ በዚህም አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይተላለፉ ያግዛሉ።

ከተሞች እያደጉ ነው። የጽዳት ኃላፊ የሆነ ሰው ዘመናዊ ቄራና የታጠረ ማስወገጃ ቢመኝ ተገቢ ነው፤ ሕፃናት በሚጫወቱበት አጠገብ ሆድ ዕቃ መዘርገፍ የለበትም። ግን ጾሙ ያስተማረን ነገር አለ። ቆሻሻው ባንድ ጊዜ ሲቋረጥ ጅቡ ተስፋ ቆርጦ አይሄድም፤ አህያዋ ላይ ይወጣል፣ ከዚያም ደጅ የሚያድር ምስኪን ሰው ላይ ሊወጣ ይችላል። እኔ ብጠየቅ የማስወገጃው አጥር ከፋሲካ በኋላ፣ አጥንት በሞላበት ወቅት፣ ቀስ በቀስ ቢሠራ እላለሁ። ከዚያ በፊት ግን በየመንደሩ የጋሪ አህዮች የሚያድሩበት በረት ይቅደም። ከብት ያረባ ገበሬ አሠራሩን ያውቀዋል። ጅብ ከመዝለል ይልቅ ከሥር መግፋትና መቆፈር ይቀናዋል ይላል፤ ስለዚህ የታችኛው ድንጋይ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ እሾሁ ላዩ ላይ ይደረደራል፤ በሩ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ ይከፈታል።